ከጃኬት ኪስ የወጣው ክኒን

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

የምጽፍላችሁ ከደብረ ብርሃን ነው። ባለፈው ቅዳሜ የማሳድገውን የእህቴን ልጅ ጃኬት ላጥብ ኪሱን ስፈትሽ የክኒን ማሸጊያ አገኘሁ። አንድ ፍሬ አልቀረበትም። ትራማዶል ነው። "ራሴን ሲያመኝ ነው፣ እትዬ" አለኝ። እጁ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ትራማዶል ከሞርፊን ወገን የሆነ ከባድ ማስታገሻ ነው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሸጥም፤ ለእሱ ግን የሚሸጥለት አልጠፋም። ሲበዛ እንደሚጥል በሽታ ያንፈራግጣል። ከአረቄ ጋር ከተወሰደ ትንፋሽ እስከማቆም ይደርሳል። በእኛ ከተማ ደግሞ አረቄ ከየት ይጠፋል? መነሻው ጫት ነው፤ "ለጥናት" ይላሉ። ከዚያ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ፣ ማለት ከጫት በኋላ የሚጠጣው መጠጥ፣ ይመጣል። እንቅልፍ እምቢ ሲል ክኒን።

ልጁ ባለጌ አይደለም። ሁለት ጊዜ ለመተው ሞክሯል። በሁለተኛው ቀን ላብ ያጠምቀዋል፣ አጥንቱን ይቆረጥመዋል፣ እንደ ሕፃን ያለቅሳል። ጎረቤት "ዱርዬ" ሲለው አንጀቴ ያርራል። ሱስ እኮ በሽታ ነው!

በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መጠጥ እንዳይሸጥ ይከለክላል። በሰፈሬ ግን መታወቂያ የሚጠይቅ መጠጥ ቤት አይቼ አላውቅም። ክኒኑንም በጓሮ በር የሚሸጡ አሉ። እባካችሁ፣ የሚመለከታችሁ ሁሉ፣ አንድ ቀን ማታ ወጥታችሁ እዩ።

እኔ ሰኞ ሐኪም ቤት እወስደዋለሁ። እሺ ብሎኛል፤ አብሬው እገባለሁ።

አክስቱ፣ ከደብረ ብርሃን