ከ«ሶፋዬ» ላይ የተጻፈ መልስ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን የማነበው እዚህ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ባለች አንዲት ምግብ ቤት ውስጥ ነው። ከአገር ቤት የመጣ ሰው አንድ ሁለት ቅጂ ይዞ ይመጣና ባንኮኒው ላይ ትቶት ይሄዳል። እኔ እጅ ሲገባ ወጥ ነክቶት፣ የቃላት ጨዋታው በሰው እጅ ተሞልቶ ነው። ስለዚህ መልሴ ቢዘገይ አትፍረዱብኝ።

አንድ አንባቢያችሁ በየከተማው ስለሚሠሩት የብስክሌት መንገዶች የጻፉትን አየሁ። ብስክሌት የጎረምሳና የስፖርተኛ ነገር ነው፣ ትልቅ ሰው አይወጣበትም፣ ስለዚህ መንገዱ ባዶውን ይውላል ነው የሚሉት። ጸሐፊውን አከብራለሁ፤ በዚህ ግን አልስማማም። እኔ 61 ዓመቴ ነው። ግራ ጉልበቴ ያመኛል። ደረጃ ስወርድ እንደ ሕፃን በአንድ እግሬ ነው። ታዲያ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት ባሕር ዳር ለባሕር ዳር ብስክሌት እነዳለሁ። ባሕር ዳር ስል ሁለት ነገር እንደሆነ ይታወቅልኝ። ተወልጄ ያደግሁት ባሕር ዳር ከተማ ነው፤ አሁን የምነዳው ደግሞ ፓስፊክ ውቅያኖስ ዳር።

አባቴ የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛ ነበር፤ ያ በጣሊያን የጦር ካሣ ገንዘብ የተሠራው ፋብሪካ። ፈረቃ ሲለወጥ መንገዱ በብስክሌት ይጥለቀለቅ ነበር። እኛ ልጆች በር ላይ ቆመን የአባታችንን ቃጭል ከሌላው ለይተን እናውቃለን። ጥቁር የቻይና ፊኒክስ ነበረችው። እሷ ላይ ነው የተማርኩት። ለቁመቴ ስለማትመች እግሬን በብረቱ ሥር አሾልኬ፣ ጎኔን አጣምሜ፣ መቀመጫው ላይ ሳልደርስ። የዚያ ዘመን ልጅ ሁሉ እንዲያ ነው የጀመረው። እኛ ከተማ ሴት ልጅ ብስክሌት ነዳች ብሎ የሚገረም አልነበረም፤ ለትምህርት አዲስ አበባ ስሄድ ግን ጎረምሳው ሁሉ ሲያፏጭብኝ ጊዜ ተውኩት። ያኔ የተውኩትን ያነሣሁት 58 ዓመት ሲሞላኝ ነው።

ነገሩ የመጣው ከሐኪም ነው። ሃያ አራት ዓመት በአረጋውያን መጦሪያ ስሠራ ሰው አንሥቼ አስቀምጬ ጉልበቴ አለቀ። ሐኪሙ «እግር ጉዞው ይቅርብሽ፣ ብስክሌት ሞክሪ፤ ክብደትሽን መቀመጫው ይሸከምልሻል፣ ጉልበትሽ ይታጠፋል እንጂ አይመታም» አለኝ። ደስ ብሎኝ አንድ ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ ወጣት ልጅ ነው፤ ጎማው እንደ ጣት የቀጠነ፣ መሪው ወደ ታች የወረደ ብስክሌት «ይሄ ነው ቀላሉ» ብሎ ሸጠልኝ። በላዩ ላይ እንደ ማጭድ ጎብጬ አንድ ሳምንት ነዳሁ። አንገቴ፣ መዳፌ፣ ሌላም የማይጻፍ ቦታ ሁሉ ታመመ። መልሱልኝ ብል ተጠቅመሽበታል ብለው አልመለሱም። ለጎረቤቴ ልጅ በግማሽ ዋጋ ሰጠሁት፤ እሱ ይኸው ይበርበታል። እኔ እንደሚመስለኝ ብዙ ትልቅ ሰው ብስክሌትን የሚጠላው በብስክሌቱ ሳይሆን በእንዲህ ያለው ሽያጭ ነው።

ሁለተኛውን የእህቴ ልጅ ይዞኝ ሄዶ ነው የገዛነው። ሱቅ ውስጥ «ቱሪንግ» ይሉታል፤ ረጅም መንገድ በምቾት ለመሄድ የተሠራ ማለታቸው ነው። እኔ «ሶፋዬ» ነው የምለው። መቀመጫው ሰፊ ነው፣ ከሥሩ ሁለት ሞላ አለው። መሪው ወደ እኔ ስለሚመለስ ወገቤን ቀጥ አድርጌ ሰው እያየሁ እሄዳለሁ። የፊቱ ብረት ዝቅ ያለ ስለሆነ በቀሚስም እወጣበታለሁ። ጎማው ወፍራም፣ ማርሹ ሰባት፣ ፓራፋንጎ ከፊትም ከኋላም። 16 ኪሎ ይመዝናል፤ ደረጃ ላይ ሲሆን ያንን አልወድለትም። ከኋላው ግራና ቀኝ ቦርሳ አለው። በአንዱ ቡና በፔርሙስና ቆሎ፣ በሌላው ፖምፓ፣ ትርፍ ካላማደሪያና ነጠላዬ። ነጠላዋ ለነፋሱ ናት።

ስለ መንገዱ ልንገራችሁ። በባሕሩ ዳርቻ አሸዋው ላይ የተዘረጋ፣ በአብዛኛው መኪና የማይገባበት፣ 22 ማይል ማለትም 35 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ የብስክሌት መንገድ ነው። ማርቪን ብሮውዲ በሚባል የከተማው ምክር ቤት አባል ስም ይጠራል፤ ሰውየው ራሱ ብስክሌት ወዳድ ነበር ይባላል። ሰሜናዊው ጫፍ በጥር 2025 እ.ኤ.አ. እሳት ያወደመው ፓሲፊክ ፓሊሴድስ ግርጌ ነው፤ የተቃጠለውን ኮረብታ ማየት ስለሚከብደኝ ከዚያ አልጀምርም። በባቡር ብስክሌቴን ይዤ እስከ ሳንታ ሞኒካ እሄድና ከ1909 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚያ ከቆመው፣ ወደ ባሕሩ ከሚገባው ድልድይ ሥር እነሣለሁ። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አሳ አጥማጆችና እኔ ብቻ ነን። በሰኔ ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከባሕሩ አይነሣም፤ የአገሩ ሰው ይማረርበታል። እኔ ክረምት ጠዋት ጣናን የማየው ስለሚመስለኝ ዝም ብዬ እጠጣዋለሁ።

ቀስ ብዬ ነው የምሄደው። ሯጭ ሁሉ ያልፈኛል። አንድ ቀን ውሻ አልፎኝ ሄዷል፤ እግሩ አጭር የሆነው ዓይነት ውሻ። ቬኒስ ከሚባለው የሎስ አንጀለስ ሰፈር ስደርስ መንገዱ አሸዋው ውስጥ እንደ እባብ ይጠማዘዛል፤ ጡንቻቸውን የሚያፈረጥሙት ሰዎች፣ በስኬትቦርድ የሚጫወቱት ልጆች፣ ቲሸርት ሻጩ ሁሉ እዚያ ነው። እዚህ ቃጭሌ ሥራ ይበዛባታል። ለእግረኛ ሌላ ሰፊ መንገድ እያለለት ቱሪስቱ ስልኩን ይዞ ብስክሌት መንገድ መሐል ይቆማል። ነፋስ ያመጣው አሸዋም አለ። አሸዋ ላይ ፍሬን መያዝ እንደማያዋጣ በክርኔ ቁስል ተምሬያለሁ። መሪውን ቀጥ አድርጎ ማሳለፍ ነው፤ በጭራሽ ማጠፍ አይደለም።

ከቬኒስ በኋላ ማሪና ዴል ሬይ ይመጣል፤ የዚህ መንገድ ደካማ ቦታው ይሄ ነው። ጀልባ ማቆሚያው ባሕሩን ስለሚዘጋው መንገዱ ወደ ውስጥ ይታጠፍና በመኪና ማቆሚያዎች መሐል ይሾልካል። መኪና ወደ ኋላ እየወጣ፣ መብራት እየተጠበቀ ነው የሚታለፈው። ከእኔ ጋር ትመጣ የነበረች ጓደኛዬ እዚያ አንድ መኪና ለጥቂት ስለሳታት ከዚያ ቀን ወዲህ ከቬኒስ አታልፍም። ሠላሳ አምስት ኪሎ ሜትር ከተሠራ መንገድ ለእሷ የተረፋት አምስቱ ነው። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያደረገኝም የእሷ ነገር ነው፤ ጸሐፊው ባዶ መንገድ አየሁ ሲሉ፣ ምናልባት ያዩት ሰው እዚያ ድረስ መድረስ ያልቻለበትን መንገድ ይሆናል።

ማሪናውን ያለፈ ግን ይካሳል። ባሎና ከሚባለው ወንዝ ዳር ያለው መንገድ በሁለት ውኃ መሐል የተዘረጋ ቀጭን ክር ነው፤ በአንድ በኩል ወንዙ፣ በሌላው የጀልባ መግቢያው። ድንጋዩ ላይ ፔሊካን የሚባሉ ትልልቅ ወፎች ይቀመጣሉ። ጣና ላይ ታንኳ አጠገብ የማያቸው ነጮቹ ነበሩ፤ እነዚህ ቡናማ ናቸው፣ ከሰማይ ተወርውረው ውኃ ውስጥ ሲገቡ ድንጋይ የወደቀ ነው የሚመስለው። ድልድዩን ተሻግሬ ዶክዋይለር ከሚባለው ዳርቻ እደርሳለሁ። እዚያ ነው ቡናዬን የምጠጣው።

ሰው ይስቅብኛል፤ ምክንያቱም ከባሕሩ ዳርቻ ሁሉ ጫጫታው እዚያ ነው። የሎስ አንጀለስ አውሮፕላን ማረፊያ ማኮብኮቢያዎች ጫፋቸው ወደዚህ ስለሆነ የሚነሣው አውሮፕላን ሁሉ በራሴ ላይ አልፎ ወደ ውቅያኖሱ ይወጣል። የከተማው ፍሳሽ ማጣሪያም ጎኑ ነው፤ ነፋሱ ሲዞር ቡናው ሽታውን አይችለውም። ከዚያ ወዲያ የነዳጅ ማጣሪያው ይቀጥላል፤ ኤል ሴጉንዶ የሚባለው ከተማ ስሙን ያገኘው ከሱ ነው፣ በስፓንኛ «ሁለተኛው» ማለት ነው፤ የነዳጅ ኩባንያው በካሊፎርኒያ የሠራው ሁለተኛ ማጣሪያ ስለነበር። ቢሆንም እወደዋለሁ። በ1990 ዓ.ም. በዚሁ ማረፊያ ስገባ ባሕሩን ከላይ በመስኮት ነበር ያየሁት፤ ከሥር ለማየት ከሃያ ዓመት በላይ ፈጀብኝ። እዚሁ ከተማ እየኖርኩ! ሁለት ሥራ የሚሠራ ሰው ባሕር አያይም።

ሁልጊዜ ከዚያ ነው የምመለሰው። ዓምና አንድ ቀን ግን የእህቴ ልጅ «አክስቴ፣ ጫፉ ድረስ ሂጂ፣ በመኪና መጥቼ እወስድሻለሁ» አለኝና ሄድኩ። ማንሃተን ቢች የሚባለው የባሕር ዳርቻ ከተማ እግረኛውን ከላይ፣ ብስክሌቱን ከታች ለይቶታል፤ እዚያ ቃጭል አልነካሁም። ቀጥሎ ያለው ሄርሞሳ ግን ሁሉም አንድ ላይ ነው፤ ስለዚህ ፍጥነቱን በሰዓት 8 ማይል፣ 13 ኪሎ ሜትር ግድም ላይ ወስነውታል። ድልድያቸው አጠገብ ቢጫ መብራት ብልጭ ሲል ወርዶ ብስክሌቱን እየገፉ ማለፍ ነው። እነዚያ ሲያልፉኝ የዋሉ ስፖርተኞች ሁሉ ወርደው እንደኔው ሲገፉ ሳይ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። ቶራንስ ላይ መንገዱ ድንገት ያልቃል፤ ፊት ለፊት የፓሎስ ቨርዴስ ኮረብታ ነው። ከሳንታ ሞኒካ ወደ 30 ኪሎ ሜትር፣ ከነቡናው ከአምስት ሰዓት በላይ ፈጅቶብኛል። ነፋሱ ከቀትር በኋላ ከሰሜን ምዕራብ ስለሚበረታ በዚያ ሰዓት በብስክሌት ልመለስ ብል ኖሮ እስካሁን እዚያው ነበርኩ።

እንግዲህ ወደ ጸሐፊው ልመለስ። እዚህ መንገድ ላይ እኔን የሚያስወጣኝ አስፋልቱ ብቻ አይደለም። ሽንት ቤት በየተወሰነ ርቀት አለ። በእኔ ዕድሜ ይሄ ቀልድ አይደለም፤ የብስክሌት መንገድ የሚሠራ መሐንዲስ እናቱን ይጠይቅ። የመጠጥ ውኃ አለ። መቀመጫ አለ። አሸዋውን የሚጠርግ ሰው አለ። እነዚህ በሌሉበት መንገድ ላይ የሚወጣው ጎረምሳ ብቻ ቢሆን ምን ይደንቃል?

ወንድሜ ባሕር ዳር ነው። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመት እንዳለውና ለብስክሌት የተለየ መንገድ እንደተሠራለት የነገረኝ እሱ ነው። የድሮውን ድልድይ አባቴ ከኋላው ጭኖኝ ሲያሻግረኝ የጭነት መኪና በመጣ ቁጥር ዓይኔን እጨፍን ነበር። ስለዚህ ዜናውን ስሰማ አለቀስኩ ማለት ይቻላል። ከዚያ ግን ወንድሜን የጠየቅሁት አንድ ነገር ነው፤ ከጊዮርጊስ ተነሥቼ እስከ ድልድዩ ባጃጅ መሐል ሳልገባ መሄድ እችላለሁ ወይ? «ኧረ እንጃልሽ፣ መጥተሽ እይው» አለኝ። የከተማው ሰዎች ይህን ጋዜጣ የሚያነቡ ከሆነ መልሱን እነሱ ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል፤ ጥላ ያለበት ማረፊያና ሽንት ቤት መኖሩንም አብረው ቢጽፉልኝ።

ለጥምቀት እመጣለሁ። ብስክሌቱን በአውሮፕላን ላምጣው ብዬ ነበር፤ ወንድሜ «እዚህ የሚከራይ ሞልቶ፣ 16 ኪሎ ብረት ተሸክመሽ!» ብሎ ተቆጣኝ። እውነቱን ነው። የኪራዩ ብስክሌት መቀመጫ ምን እንደሚመስል ግን አውቀዋለሁ። ስለዚህ የ«ሶፋዬን» መቀመጫ ከነሞላው ፈትቼ፣ በነጠላዬ ጠቅልዬ፣ ሻንጣ ውስጥ አደርገዋለሁ። ጉምሩክ ምንድን ነው ቢሉኝ ይህን ደብዳቤ አሳያቸዋለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የጨርቃ ጨርቁ ሠራተኛ ልጅ
ከሎስ አንጀለስ