ሰዓታችሁን ለሰጣችሁን የቱሉ ዲምቱ ጎረቤቶቻችን

ከሁሉ አስቀድሞ ልጆቻችንን ላቆየልን ፈጣሪ ምስጋና ይግባው። ቀጥሎ ይህ መልእክት ለጎረቤቶቻችን፣ ለእድራችን ዳኛና አባላት፣ ለጡረተኛው የታሪክ መምህር፣ ለጠበቃዋ እህታችን፣ ለሃይማኖት አባቶቻችንና ለኳስ አሰልጣኙ ይድረስልን። ልጆቻችን ገሚሱ ወዲህ ገሚሱ ወዲያ በፖለቲካ ጽንፍ ተስበው ከእኛ ጋር መነጋገር ባቆሙበት በዚያ የጭንቅ ወቅት ከጎናችን አልተለያችሁም። ልጆቹ እንዳይታወቁ ብለን የማንንም ስም አንጠራም። ያደረጋችሁትን ግን በዝርዝር እንጽፋለን፤ ዛሬ እዚያው ጭንቅ ውስጥ ያለ ወላጅ አይጠፋምና።

መጀመሪያ የምናመሰግነው ነገሩን ቀድማችሁ አይታችሁ፣ ከማማት ይልቅ በራችንን አንኳኩታችሁ የነገራችሁንን ነው። ልጅ ፖለቲካ ማውራቱ፣ በግፍ መቆጣቱ፣ ከአባቱ የተለየ ሐሳብ መያዙ በሽታ አይደለም። የ16 ዓመት ልጅ ፍትሕ ካላንገበገበው መቼ ሊያንገበግበው ነው? እናንተ ያያችሁት ሌላ ነገር ነበር። ትናንት «እትዬ» እያለ ዘንቢላቸውን ተቀብሎ ደረጃ ያወጣላቸው የነበሩትን ጎረቤት ዛሬ «እነሱ» ብሎ በጅምላ መጥራት፤ ሰላምታ ማቋረጥ፤ አብሮ አደጉን መተው፤ ሲጠየቅ በራሱ አንደበት መመለሱን ትቶ ከቪዲዮ የሸመደደውን ያንኑ አባባል መድገም። እነዚህ በትዕግሥት የሚያዙ ናቸው። ለነገ የማይባሉት ሦስት ናቸው፦ የማታውቁት ጎልማሳ በግል መልእክት ሲያዋራው፣ በቴሌብር ገንዘብ ሲያስልከው ወይም ሲልክለት፣ የት እንደሚሄድ የማይናገርለት ጉዞ ሲያስብ። ከሦስቱ አንዱ ከታየ በዚያው ቀን ልጁ የሚያከብራቸውን ሁለት ዘመዶች መጥራት፣ ልጁንም ለብቻው አለመተው ነው።

«ስልኩን አትንጠቁ» ብላችሁ እጃችንን የያዛችሁን ታላላቆቻችን፣ ውለታችሁ ከባድ ነው። ስልክ የተነጠቀ ልጅ የጓደኛውን ይዋሳል፤ በሌላ ሲም ሌላ አካውንት ይከፍታል፤ ወላጅ የነበረችውን አንዲት መስኮት በገዛ እጁ ይዘጋል። ከዚያ የባሰው ደግሞ ቪዲዮው አስቀድሞ «ቤተሰቦችህ ራሳቸው አፍህን ሊያስይዙህ ይነሣሉ» ብሎት ከሆነ፣ ነጠቃው ትንቢቱን ይፈጽምለታል። በእንግዳ ፊት መሳለቅም፣ የሚወደውን መሪ መስደብም፣ «አንተ ገና ልጅ ነህ» ማለትም ውጤታቸው አንድ ነው፤ ልጁ ክርክሩን ይተውና ክብሩን መከላከል ይጀምራል።

የትልቁ ምስጋናችን ባለቤቶች ግን ከሰዓት በኋላችሁን የሰጣችሁን ናችሁ። ከዚህ ከአዲስ አበባ ጫፍ ሳሪስ ወይም መገናኛ ሠርቶ የሚያድር ወላጅ በማለዳ ወጥቶ፣ ታክሲ ተሰልፎ ሲገባ ምሽት 2 ሰዓት ይሆናል። ልጁ ከትምህርት ቤት 9 ሰዓት ተኩል ይለቀቃል። በመሐሉ አራት ሰዓት ተኩል ባዶ ቤት፣ ስልክ፣ እና ልጁን በስሙ እየጠራ «ወንድሜ» የሚለው የማይታወቅ ሰው አለ። ብዙዎቻችን ከመሐል ከተማ በዕጣም በልማት ተነሥተንም የመጣን ነን፤ ልጁ የሰፈር ጓደኛውን እዚያው ጥሎት መጥቷል። ያንን ባዶ ሰዓት ማን ይሙላው? እናንተ ተከፋፈላችሁት። ሰኞ አንዷ ቤት፣ ማክሰኞ ሌላዋ ቤት መክሰስ፣ ረቡዕና ዓርብ ኳስ፣ ሐሙስ ኮሚናሉ (የኮንዶሚኒየሙ የጋራ መገልገያ ቤት) ውስጥ ጥናት። ምክርም ስብከትም አልነበረበትም። ዳቦና ሻይ ነበር። «እስኪ የምታየውን አሳየኝ» ብላችሁ አጠገቡ ተቀምጣችሁ ሃያ ደቂቃ ያህል አብራችሁ አያችሁ፤ በመሐል ምንም አልተናገራችሁም። ጥያቄውን ያመጣችሁት ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ነው፣ ያውም አንድ ብቻ፦ «ይሄ ሰውዬ ያለው ቢፈጸም እኔና አንተ በዚህ ደረጃ ላይ እንዴት ነው የምንገናኘው?» መልስ አላስገደዳችሁትም። ጥያቄ ሲደራረብ ምርመራ ይሆናል፤ አንዱ ግን ከልጁ ጋር ያድራል።

ኮሚናሉ ውስጥ ለልጆቹ ፎቶ ማጣራት ያስተማራችሁ የዩኒቨርሲቲ ልጆቻችን፣ እናንተን ለይተን ነው የምናመሰግነው። ሥራችሁ ቀላል ይመስል ነበር። የተቃጠለ ቤት ፎቶ «ትናንት ማታ» ተብሎ በቴሌግራም ይመጣል። መጀመሪያ ከላይ «ፎርዋርድ» የተደረገበትን ምንጭ ማየት። ቀጥሎ ስክሪንሾት አንሥቶ ጉግል ሌንስ ላይ መፈለግና ከሚመጡት ሁሉ የቆየውን ቀን መያዝ። ሌንስ ካላገኘው ፎቶውን በጣት አስፍቶ ማየት፦ የሱቅ ጽሑፉ በምን ቋንቋ ነው? የመኪናው ታርጋ የየት ነው? በጋ ነው እየተባለ ሣሩ ለምን ለመለመ? በመጨረሻም እርስ በርስ የማይዋደዱ ሁለት መገናኛ ብዙኃን ያንኑ ዜና ዘግበውት እንደሆነ ማየት። ፎቶው የሌላ አገርና የብዙ ዓመት ሆኖ ሲገኝ ክፍሉ ጸጥ አለ፤ እናንተም «አያችሁ?» አላላችሁም። ይልቅ የራሳችሁ ወገን የላከውን ሐሰተኛ ፎቶ አውጥታችሁ በተመሳሳይ መንገድ አጣራችሁት። ልጆቹ ያመኗችሁ በዚያ ነው። የሌላውን ውሸት ብቻ የሚያጋልጥ ማጣሪያ ለልጅ ሌላ ቅስቀሳ ነውና።

የታሪክ መምህራችን፣ ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልን። ልጆቹን መስቀል አደባባይ አጠገብ ወዳለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ይዘዋቸው ሲሄዱ ጥቂቶቻችን «ያስደነግጣቸዋል» ብለን ነበር። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ፎቶዎች ብዙዎቹ የወጣቶች ናቸው፤ ልጆቹ ፊታቸውን ፎቶው ላይ አስጠግተው ዕድሜ ሲገምቱ ቆዩ። እርስዎ ያስረዷቸው ግን ስለ ደርግ ጭካኔ ብቻ አልነበረም። ኢሕአፓና መኢሶን የተባሉት የዚያ ዘመን ፓርቲዎች ከአንድ የተማሪ ንቅናቄ የወጡ፣ ሁለቱም ሶሻሊዝምን የሚያምኑ፣ «መሬት ለአራሹ» ብለው አብረው የጮኹ ነበሩ። የተለያዩት ኢሕአፓ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት አሁኑኑ ይቋቋም ሲል መኢሶን ለደርግ ሂሳዊ ድጋፍ (እየተቹ መደገፍ) በመስጠቱ ነበር። በ1969 እርስ በርስ ተገዳደሉ፤ መኢሶንም ብዙ ሳይቆይ በዚያው ደርግ እጅ ተበላ። እንዲህ አድርገው ሲነግሯቸው የልጆቹን እምነት አላጣጣሉባቸውም። ያ ትውልድ አገር ወዳድ እንደነበር፣ ያጠፋውም ከእሱ የተለየውን ሁሉ ከሃዲ ማለቱ እንደሆነ ራሳቸው አወሩት።

ጠበቃዋ እህታችን በነጻ ያስረዳችንን ባጭሩ እንጻፈው። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ነው። የጥላቻ ንግግር ያሰራጨ እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ይጠብቀዋል፤ በንግግሩ ምክንያት ጥቃት ከደረሰ ከ1 እስከ 5 ዓመት ነው። በወንጀል ሕጉ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ በወጣት ጥፋተኛነት በልዩ ድንጋጌ ይታያል፤ 15 ያለፈው ግን በመደበኛው ሕግ ይጠየቃል፣ ቅጣቱ እስከ 18 ዓመቱ ሊቀልለት ቢችልም። ልጅ ከተያዘ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ስለዚህ የልደት ሰርተፍኬቱን ኮፒ አዘጋጅቶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ ዕድሜውን የሚያስረዳለት እሱ ነው። ይህንን ለልጆቹ የነገረቻቸው በማስፈራራት አልነበረም፤ የተናደዱበትን ጉዳይ ማንንም ሳይሰድቡ እንዴት እንደሚጽፉት አብራቸው ቁጭ ብላ አሳየቻቸው።

ቀሳውስታችንና ኡስታዞቻችን፣ ከመገሠጽ በፊት ስላዳመጣችሁ እናመሰግናለን። አሰልጣኛችን፣ ቡድኖቹን በየሳምንቱ ስለደባለቅህልን ተባረክ። አክስቶችና አጎቶች፣ ልጁ ለእኛ ያላወጣውን ለእናንተ ሲያወጣ ምስጢሩን መጠበቃችሁ፣ አደጋ ያለበትን ብቻ ለይታችሁ መንገራችሁ ትልቅ ነገር ነው።

ከልጆቹ ዛሬም ያልተመለሰ አለ። ለእሱ አሁንም ምሳ የምታስቀምጡለት፣ በበዓል የምትደውሉለት ጎረቤቶች እንዳላችሁ እናውቃለን፤ እባካችሁ አታቋርጡ። ከእድሩ የተዋስናቸውን ወንበሮች ቅዳሜ ጠዋት እንመልሳለን። እሑድ ከ9 ሰዓት ጀምሮ ኮሚናሉ ውስጥ ቡና አለ፤ ሐሳብ የገባው ወላጅ ከየትኛውም ብሎክ ይምጣ፣ ልጁን ይዞ መምጣት ግን ግዴታ አይደለም።

የልጆቹ ወላጆች፣ ቱሉ ዲምቱ