የድምፅ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ በሁለት ማይክ የተቀዳ አልበም

ክበቡ ዘንድሮ የደከመበት ሥራ አንድ አልበም ነው። መሣሪያ የለበትም፤ በሰው ድምፅ ብቻ፣ በታዳሚ ፊት በቅጽበት የተፈጠሩ ስድስት ሥራዎችን ይዟል። ሁሉም በሁለት ማይክ ስለተቀዳ በኋላ በሚክሰር የሚስተካከል ነገር አልነበረም። ማን ጎልቶ፣ ማን ርቆ እንደሚሰማ የሚወስነው ድምፃዊው የቆመበት ቦታ ነው።

የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት በማዳመጥ ልምምድ አለቀ። ሁሉም ያሰኘውን ባንድ ላይ ሲያወጣ ማንም ማንንም አይሰማም። ስለዚህ ሁለት ደንብ ተበጀ፦ የጎረቤትህ ድምፅ ካልተሰማህ የአንተ በዝቷል፤ ከሦስት ሰው በላይ ባንድ ጊዜ አይገባም። ሁለተኛው ደንብ ከመውጣቱ በፊት ሥራዎቹ ሁሉ አንድ መልክ ነበራቸው፤ በቀስታ ይጀምራሉ፣ ያብጣሉ፣ ይከስማሉ። ለመሪው የእጅ ምልክት ዋልተር ቶምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1974 ከጀመረው ሳውንድፔይንቲንግ (በእጅ ምልክት እየመሩ ሥራን በቅጽበት የመፍጠሪያ ዘዴ) ቅደም ተከተሉን ወሰድን፦ ማን፣ ምን፣ እንዴት፣ መቼ። አምስት ምልክት በቂ ነው፤ ከዚያ ሲበዛ ዓይን ይሠራል፣ ጆሮ ይተኛል።

ኦቨርቶን፣ ማለትም ከሚዘመረው ቃና በላይ አብሮ የሚሰማ ቀጭን ድምፅ፣ የሚወጣው አንድ ዝቅ ያለ ቃና ሳይናወጥ ይዞ፣ አፍን ከ«ኡ» ወደ «ኢ» እጅግ በዝግታ በማሸጋገር ነው። የሚቸኩል አይሰማውም። ቅ፣ ጥ፣ ጭ እና ጵ ከሳንባ አየር ስለማይፈልጉ ትንፋሽን ይዞ እንደ ከበሮ መምታት ይቻላል፤ ቋንቋችን የሰጠን ሀብት ነውና ሁለት ሥራ በእነሱ ላይ ቆሟል። ትንፋሽ ወደ ውስጥ እየሳቡ ድምፅ ማውጣት ግን ጉሮሮን ያደርቃል፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ውኃና ዕረፍት ያሻል። ጉሮሮው የቆረቆረው ተማሪ የዚያን ቀን ልምምድ ያቆማል።

ቀረጻው የተካሄደው በቤተ መጻሕፍቱ ንባብ ክፍል ነው። ባዶ መማሪያ ክፍል ውስጥ ሲያጨበጭቡ ድምፁ በትይዩ ግድግዳዎች መካከል እየተመላለሰ ይንቀጠቀጣል፤ የመጻሕፍት መደርደሪያ ግን ድምፁን ይበትነዋል። ሁለቱ ካርዲዮይድ (ከፊት የሚመጣውን ድምፅ በደንብ፣ ከጀርባ የሚመጣውን በጥቂቱ የሚሰሙ) ኮንደንሰር ማይኮች በ17 ሳንቲ ሜትር ተራርቀው፣ በ110 ዲግሪ ወደ ውጭ ተከፍተው ቆሙ። 48 ቮልት ኃይል ካልበራላቸው አይሠሩም። የመቅጃው ጥራት በ24 ቢት፣ በ48 ኪሎ ኸርዝ ተስተካከለ። ጌይኑ (መቅጃው ድምፁን የሚያጎላበት መጠን) የሚለካው በሹክሹክታ ሳይሆን በልምምዱ ከፍተኛ ጩኸት ነው፤ እሱም፣ ዜሮ የመቅጃው ጣሪያ በሆነበት መለኪያ፣ ከ-12 ዴሲቤል እንዳያልፍ ይደረጋል። በሙከራው ቀረጻ እስከ -3 ተፈቅዶ ስለነበር አንድ ጩኸት ዜሮን አልፎ ጫፉ ተቆረጠ። በዲጂታል የተቆረጠ ድምፅ ተመልሶ አይድንም።

ድምፃውያኑ በግማሽ ክብ ከማይኮቹ 2 ሜትር ርቀው ቆሙ፤ ወለሉ ላይ በቴፕ ምልክት ተደረገላቸው። ርቀት በግማሽ ሲቀንስ በቀጥታ የሚደርሰው ድምፅ በ6 ዴሲቤል ገደማ ስለሚጨምር የሚያንሾካሹክ ሰው ወደ 50 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል። ከዚያ ቅርበት «ፕ» እና «ፍ» ነፋሳቸው ማይኩን ስለሚመታው አፍ ትንሽ ወደ ጎን ይዞራል። መራመድም ልምምድ ይጠይቃል፤ በካልሲ ካልሆነ እርምጃው ይቀዳል።

ታዳሚው ካርዲዮይድ በደንብ በማይሰማበት በማይኮቹ ጀርባ፣ ምንጣፍ ላይ ተቀመጠ፤ ወንበር ይንቋቋልና። ጥዝ የሚለው መብራትና የአየር ማራገቢያው ጠፉ። ሰው ከገባ በኋላ የአንድ ደቂቃ ዝምታ ተቀዳ፤ ሥራና ሥራ የሚገናኝበት ክፍተት በእሱ ይሞላል። በባዶ ዲጂታል ዝምታ ቢሞላ ክፍሉ በድንገት የጠፋ ይመስላል።

ሁለት ጉድለት ቀርቷል። በአራተኛው ሥራ ግማሽ ክቡ በጣም ስለተዘረጋ ዳር የቆሙት «አቁም» የሚለውን ምልክት ዘግይተው አዩ። በሦስተኛው ደግሞ ጭብጨባው የመጨረሻውን ኦቨርቶን ሸፈነው። መሪው እጁን እስኪያወርድ ታዳሚው እንዲጠብቅ የተነገረው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለቱንም ሳንነካ ትተናቸዋል፤ የተቆረጠው የየሥራው መነሻና መድረሻ ብቻ ነው። ያልተቆረጠው ቅጂ በሁለት የተለያዩ ዲስኮች ተቀምጧል።