ሜጋፎንህ እኔ ዘንድ ነው

መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድም ዓለም፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል ብዬ ልጀምር ስል ብዕሬ ተገታ። መሰንበት ለሳምንትና ለወር ነው። አራት ዓመት ሊሞላው ሦስት ወር ለቀረው ዝምታ የሚሆን ሰላምታ የትኛውም የደብዳቤ አጻጻፍ ትምህርት ውስጥ አላየሁም። ስለዚህ እንደምን ከረምክ፣ እንደምን ባጀህ፣ ሁሉንም ባንድ ላይ ውሰደው። እኔ ተመስገን ደኅና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ዳገት ጠልቷል። ባለቤቴ ቡና ባፈላች ቁጥር ያንተን ስኒ ጨምራ ትደረድርና መልሳ ታነሳዋለች፤ እኔም እንዳላየ አልፋለሁ።

ለመጨረሻ ጊዜ የተያየነው ሰኔ 15 ቀን 2013 ዓ.ም. ማለዳ፣ በትምህርት ቤታችን በር ላይ ነው። አንተ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በግል የተወዳደርክበት ምርጫ ድምፅ አሰጣጡ መሽቶም አላለቀ፤ ሌሊቱን በስልክ መብራት ስንቆጥር አደርን። ውጤቱ በየጣቢያው በር ላይ ይለጠፋል ይላል ሕጉ፣ እኔም ለጠፍኩት። የእጅ ጽሕፈቴን ታውቀዋለህ፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሮስተሬን ከጎኔ ተቀምጠህ አንብበሃል። ከጀበናው፣ ካንተ የምርጫ ምልክት ትይዩ «83» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። መጣህ፣ አነበብከው፣ ቀና ብለህ አየኸኝ፣ ሄድክ። በሳምንቱ ዕቃህን ጭነህ አዲስ አበባ መግባትህን የሰማሁት ከሰው ነው።

ያኔ ለጠየቀኝ ሁሉ የምሰጠው መልስ አንድ ነበር። «የምርጫ አስፈጻሚ ነኝ፤ ገለልተኛ መሆን ግዴታዬ ነው፤ ቲሸርቱን ለብሼ ከኋላው ልሮጥለት አልችልም ነበር» እል ነበር። እውነት ነው፣ ግን ግማሽ እውነት ነው። አስፈጻሚም ቢሆን መጋረጃው ውስጥ ገብቶ ድምፅ ይሰጣል። ከ83ቱ አንዱ እኔ አይደለሁም። ይህን በስልክ ልነግርህ ብዙ ጊዜ ቁጥርህን ነክቼ ትቼዋለሁ። በጽሑፍ ይቀላል ብዬ ነበር፤ አሁን ሳየው አልቀለለም።

ምክንያቴን ልንገርህ። ያቺ የምርጫ ወረቀትህ አናደደችኝ። አምስት ነጥብ ነበረባት። ወደ ገጠር ቀበሌዎቹ የሚወስደውን መንገድ አስፋልት አደርጋለሁ፣ በየቀበሌው የውሃ ቦኖ አስተክላለሁ፣ ጤና ጣቢያውን ሆስፒታል አደርጋለሁ፣ የማዳበሪያ ዋጋ አስቀንሳለሁ። ከ547 መቀመጫ አንዷን ይዞ፣ ያውም በግል ተወዳድሮ፣ ይህን ሁሉ እንዴት ያደርጋል አልኩ። ሒሳብ አስተማሪ አይደለህ እንዴ! ለልጆቹ የወረዳ ምክር ቤት፣ የክልል ምክር ቤት፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሥልጣናቸው ለየቅል ነው እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ የማስተምር ሰው፣ ጓደኛዬ ያንን ሁሉ ባንድ ሙቀጫ ሲወቅጠው ሳይ ታምሜ ነበር። አምስተኛዋን ነጥብ እንዲያውም ስቄባታለሁ። ወደ እርሷ እመለሳለሁ።

አሁን ብዕር ያስጨበጠኝ የየካቲቱ ነገር ነው። ምክር ቤቱ ከመስከረም መጨረሻ ሳምንት እስከ ሰኔ 30 ሲሠራ በመካከሉ የአንድ ወር ዕረፍት እንዳለው ታውቃለህ። በዚያ ጊዜ አባላቱ ወደየምርጫ ክልላቸው ይወጣሉ። የእኛዋ እንደራሴም ቅዳሜ የካቲት 15 መጡ። ከወረዳው «የእጅ ጽሕፈቱ የሚነበብ ሰው ለቃለ ጉባኤ ላኩልን» የሚል መልእክት ለትምህርት ቤቱ ደረሰ። ርዕሰ መምህሩ እኔን አየ። ይህ ጽሕፈት ጣጣው አላልቅልህ አለኝ።

እንደ ወጉ ከአዳራሹ ተጀመረ። ፊት ለፊት ባለው ወንበር ኃላፊዎቹ፣ ከኋላቸው የቀበሌ ሹማምንት፣ ከዚያ ወዲያ ሕዝቡ። የወረዳው ሪፖርት ቀረበ፤ ሁሉም ነገር ከዘጠና በመቶ በላይ ተከናውኗል። እኔም ጻፍኩ። አርባኛው ደቂቃ ላይ ይመስለኛል መብራት ጠፋ። ፕሮጀክተሩ ጨለመ፣ ማይክራፎኑ ሞተ፣ አዳራሹ ይታፈን ጀመር። ሴትዮዋ አጠር ያሉ፣ ነጠላቸውን ያጣፉ፣ አንድ የተማሪ ደብተር በእጃቸው የያዙ ናቸው። ተነሡና «ዋርካው ሥር ብንሆንስ?» አሉ። ሰው ወንበሩን እየተሸከመ ወጣ። ውጪ ደግሞ ፊትና ኋላ የሚባል መቀመጫ የለም፤ ኃላፊዎቹ ከጥላው ጠርዝ ቆሙ፣ የገበያ ሴቶቹ ግንዱን ተደግፈው ተቀመጡ። በዚያን ዕለት የሆነውን ሁሉ ያደረገው መብራት ኃይል ነው ብል አላጋነንኩም።

ድምፅ ማጉያ ግን ጠፋ። ያን ጊዜ ያንተ ሜጋፎን ትዝ አለኝ። የቅስቀሳው ዕለት እኛ ቤት ትተኸው እንደሄድክ ቁም ሳጥን ላይ ነበር፤ ልጄን ላክሁት፣ ባትሪ ገዝቶበት መጣ። አዎ፣ ባንተ ሜጋፎን ተናገሩ። የጀበናዋ ተለጣፊ ምስል ጎኑ ላይ እንዳለች ናት፤ ሰው አይቶ ሲጠቃቀስ እሳቸው ምኑም አልገባቸውም።

መጀመሪያ ያደረጉት ደብተሯን መግለጥ ነው። «አምና ከዚህ 11 ጥያቄ ይዤ ሄጄ ነበር» አሉና አንድ በአንድ አነበቡ። ለሦስቱ መልስ አግኝተዋል። አምስቱን ለክልሉ ምክር ቤት በደብዳቤ አስተላልፈዋል፤ መልስ የመጣው ለሁለቱ ብቻ ነው። የቀሩትን «ጠይቄ አልተሳካልኝም» አሉ። ሥልጣን ላይ ያለ ሰው «አልተሳካልኝም» ሲል በጆሮዬ የሰማሁት ስንት ጊዜ ይሆን? ቃለ ጉባኤው ላይ ቃል በቃል አሰፈርኩት፤ በኋላ አንዱ ኃላፊ «ይህን ለስለስ አድርገህ ጻፈው» ብሎኝ ነበር፣ አልሰማሁትም።

ያቺ በዱቤ ጠላ ታጠጣን የነበረችው እትዬ ትዝ ትልሃለች? ሁሉም «እርስዎ» ሲል እሷ «አንቺ ልጄ» ብላ ተነሣች። ቦኖው ከታኅሣሥ ጀምሮ እንደደረቀ፣ ፓምፑ ተቃጠለ እንደተባለ፣ ልጆቹ ጀሪካን ይዘው ወንዝ ሲወርዱ ትምህርት እንደሚያልፋቸው ተናገረች። «በሪፖርታችሁ ግን ውሃ እንጠጣለን፤ ላም አለኝ በሰማይ» ብላ ተቀመጠች። ሴትዮዋ ሁለት ዓይነት መልስ መስጠት ይችሉ ነበር። አንዱ ያንተ ዓይነት ነው፤ አስተክላለሁ ማለት። ሁለተኛው የኔ ዓይነት ነው፤ ይህ የፌደራል ጉዳይ አይደለም ብሎ መዝጋት። ሁለቱንም አላደረጉም። «ፓምፕ መግዛት የኔ ሥልጣን አይደለም፤ የማን እንደሆነ ግን አውቃለሁ፣ እዚሁ ቆሞ ይሰማናል» አሉና ሜጋፎኑን ወደ ጥላው ጠርዝ ላኩት። የውሃው ኃላፊ ሁለት መቶ ሰው እያየው «እስከ መጋቢት 30» አለ። ጻፍኩት። ዛሬ ጠዋት ሄጄ ቦኖውን ከፍቼ አይቻለሁ፤ ደረቅ ነው። ገና 21 ቀን አለው።

የማዳበሪያው ነገር ግን በእርግጥ የእሳቸው ምክር ቤት ጉዳይ ነው። አንድ ገበሬ ዩሪያ የደረሰው ዘሩ ከበቀለ በኋላ እንደሆነ ተናገረ። ማዳበሪያው ከውጭ በዶላር ይገዛል፣ በጅቡቲ ይገባል፣ በገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየንና በመሠረታዊ ማኅበር በኩል ይወርዳል። ከሰንሰለቱ አንዷ ቀለበት ብትዘገይ ገበሬው ጋ ሲደርስ ክረምቱ አልፏል። እሳቸው «የት እንደቆመ ንገሩኝ፤ ዩኒየኑ መጋዘን ነው? መሠረታዊ ማኅበሩ ጋ ነው?» እያሉ ቀኑን ሳይቀር መዘገቡ። የምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴ ሚኒስቴሩን ሲጠይቅ «ዘግይቷል» ብቻ ከተባለ መልሱ «ትራንስፖርት ነው» ይሆናል፤ ቀንና መጋዘን ከተጠቀሰ ግን ማምለጫው ይጠባል አሉ። እኔ ስንት ዓመት «ምክር ቤቱ አስፈጻሚውን ይቆጣጠራል» እያልኩ ሳስተምር ቁጥጥር ማለት ይህን እንደሚመስል አላውቅም ነበር፤ አንድ ገበሬ፣ አንድ ቀን፣ አንድ መጋዘን።

ሁሉ ነገር ግን አላማረም። ካፍቴሪያ የከፈተ አንድ ወጣት (ተማሪያችን ነበር፣ ያ አመል የሌለው) በጥር ወር ስለፀደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ ጠየቀ። «እጅዎን ሲያወጡ እኛን ጠይቀውናል ወይ?» አለ። እሳቸው ከተሞች የራሳቸው ገቢ ካላገኙ መንገዱም ውሃውም ከድጎማ እጅ እያየ እንደሚኖር፣ የታክሱ መጠንም በየክልሉ እንደሚወሰን አስረዱ። ልጁ አልለቀቀም። «ምክንያቱን ሳይሆን እኛን መጠየቅዎን ነው የጠየቅሁት፤ ያወጡት የፓርቲዎን እጅ ነው የኛን?» ሲል ዋርካው ሥር ጸጥ አለ። ሴትዮዋ «ቀድሜ መጥቼ ማወያየት ነበረብኝ» ብለው ወደ ሌላ ጥያቄ አለፉ። የጥያቄው ሁለተኛ አጋማሽ ሳይመለስ ቀረ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 የምክር ቤት አባላት የመላው ሕዝብ ተወካዮች ናቸው ይልና የሚገዙላቸውን ሲቆጥር ሕገ መንግሥቱን፣ ሕዝቡንና ሕሊናቸውን ብቻ ነው። ፓርቲ የሚል ቃል እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። ይህን ልጁ ከኔ ክፍል ተምሮት ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ተምሮት ከሆነ ደሞዜን በልቼዋለሁ።

አንድ አዛውንት ደግሞ አሳቁን። በጃንሆይ ጊዜ የመረጡት እንደራሴ ድምፅ ሊለምን አንድ ጊዜ መጥቶ፣ ሁለተኛ ያዩት በመኪና ሲያልፍ ነው። «በሸንጎው ጊዜ ደግሞ የምናጨበጭበው እኛው ነበርን» አሉ። እኔም የታሪክ አስተማሪነቴ ተነሣብኝና በጃንሆይ ጊዜ በተደረገው የመጀመሪያ ምርጫ 210 እንደራሴዎች እንደተመረጡ፣ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በዚያው ምርጫ ሲገቡ የመጀመሪያዋ ሴት እንደነበሩ፣ እሳቸውም ከዚያ በፊት መምህርት እንደነበሩ ላወራ ስል ባለቤቴ ከሩቅ በዓይኗ ገታችኝ። ቃለ ጉባኤ ያዥ አይናገርም።

ማታ ቤት ገብቼ ያንተን ወረቀት ፈለግሁ። አልጣልኩትም ነበር፤ አሮጌ ሮስተር ውስጥ አገኘሁት። አምስተኛዋ ነጥብ እንዲህ ትላለች፦ «በየዓመቱ በየካቲት ዋርካው ሥር ቆሜ የጠየቃችሁኝን፣ ያደረግሁትንና ያልቻልሁትን እናገራለሁ።» ያኔ ይህቺን ሳነብ «አስፋልትና ሆስፒታል ብሎ ብሎ ሲያልቅበት ቦታ መሙያ ጻፈ» ብዬ ነበር የሳቅሁት። አራቱ ነጥቦች ካንተ አቅም በላይ ነበሩ፤ በእነሱ ላይ ዛሬም ሐሳቤን አልቀየርኩም። ሥራው ግን አምስተኛዋ ነበረች፣ እኔ ደግሞ እሷን ሳልቆጥር ነው መጋረጃው ውስጥ የገባሁት።

ብትመረጥ ኖሮ ምን ትሆን እንደነበር እንጃ። ቁጡ ነህ። ያንን የካፍቴሪያ ልጅ ቢሆን ትሰድበው ነበር ብዬ እገምታለሁ፤ ከዚያ ማታ ቤቱ ድረስ ሄደህ ይቅርታ ትጠይቀዋለህ። እንደ ሴትዮዋ ተረጋግተህ ቀን እየጻፍክ መቀመጥህን እጠራጠራለሁ። ግን ትመጣ ነበር። በየየካቲቱ ትመጣ ነበር።

እትዬ ስብሰባው ሲበተን ሜጋፎኑን አየችና «ያ የጀበናው ልጅ የት ገባ?» አለችኝ። አዲስ አበባ አልኳት። «ተጣላችሁ አሉ» አለች። መልስ አልነበረኝም። «የጠላ ሒሳብ አለበት፣ ንገረው» ብላ ሄደች። ነግሬሃለሁ።

ፋሲካ ሚያዝያ 12 ነው። ባለቤቴ ዶሮዋን ካሁኑ አስባለች፣ እኔ ደግሞ የመጋቢት 30ውን ቃል ውጤት ይዤ እጠብቅሃለሁ፤ ቦኖው ቢፈስም ባይፈስም አብረን ወርደን እናየዋለን። ካልመጣህም ተቆጥተህ ጻፍልኝ፤ ቁጣህን ናፍቄዋለሁ። ሜጋፎንህ ቁም ሳጥኑ ላይ ተመልሷል። እንዳይዝግ ባትሪውን አውጥቼ በጨርቅ ጠቅልዬዋለሁ።

ወንድምህ