የጭነት መኪና የማይገባበት መንገድ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎት? እማዬስ እንዴት ናት? እኛ ከናፍቆታችሁ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ባለፈው በስልክ “ቤት ባለው መኪና ሽርሽር ሄድን” ስልዎ ሳቁ፤ ወዲያው መስመሩ ተቆረጠ። ስለዚህ በደብዳቤ ልንገርዎ። እህቴ ረጋ ብላ ታንብብልዎት። የመንገድ ወሬ ከእርስዎ በላይ የሚገባው ሰው የለኝም።

መኪናውን እዚህ አርቪ ይሉታል። ከጋቢናው ጀርባ አልጋ፣ ምድጃ፣ ፍሪጅ፣ ሽንት ቤት ሳይቀር አለው። ለአምስት ቀን ተከራየነው። ወሩ ነሐሴ ነበር፤ ባለቤቴ ፍልሰታን ስለምትጾም ሽሮውንም እንጀራውንም ከቤት ይዛ ወጣች።

ወደ ቨርጂኒያ ደቡብ ልንወርድ ነው ስል ጓደኞቼ ሁሉ “በ81 ሂድ፣ ግማሽ ቀን አይፈጅብህም” አሉኝ። እውነታቸውን ነው። 81 እኔ ጭነት ይዤ የምመላለስበት ኢንተርስቴት፣ ግዛት አቋራጭ አውራ ጎዳና ነው። ከቴነሲ ተነስቶ እስከ ኒውዮርክ ይደርሳል። ኢንተርስቴት የሚባሉት መንገዶች በብዛት መሠራት የጀመሩት ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በ1956 ሕጉን ከፈረሙ በኋላ ነው (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፍልዎ)። ሰፊ ናቸው፣ መብራት አያቆምዎትም፣ ዳገቱ ተቆርጦ ተስተካክሏል። አልንቃቸውም፤ እንጀራዬ ናቸው። ግን ማደያው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፣ ምግብ ቤቱ አንድ ዓይነት ነው፣ አጥሩ አንድ ዓይነት ነው። እየነዳሁ ሳለ “አሁን ቴነሲ ነህ ወይስ ፔንሲልቫኒያ?” ቢሉኝ ሰሌዳ ሳላይ አልመልስልዎትም።

በዚህ መንገድ ስድስት ዓመት ስመላለስ አንድ ሰማያዊ ተራራ አብሮኝ ይጓዛል። ስወርድ በግራዬ፣ ስመለስ በቀኜ። ብሉ ሪጅ ይባላል። ሰማያዊ የሚመስለው ዛፎቹ ከቅጠላቸው በሚለቁት ተን ነው ይላሉ። በጫፍ ጫፉ መንገድ እንዳለ አውቅ ነበር። ነገር ግን የጭነት መኪና አይገባበትም፤ ክልክል ነው። ስንት ሌሊት ከታች ሆኜ ወደ ላይ አየሁት! ዘንድሮ ልጆቼን ይዤ ልወጣው ቆረጥኩ።

ከፍሮንት ሮያል ከተማ ጀመርን። የመጀመሪያው ክፍል ስካይላይን ድራይቭ ይባላል፤ 105 ማይል ነው፣ ወደ 169 ኪሎ ሜትር። ፍጥነቱ በሰዓት ከ56 ኪሎ ሜትር አያልፍም። ጥምዝ በጥምዝ ነው። በየጥቂት ደቂቃው መኪና የሚያቆሙበት ቦታ አለ፣ ቁልቁል ሸለቆውን ያያሉ። በሩቅ 81 እንደ ክር ይታያል። መኪኖቹ እንደ ጉንዳን ይሄዳሉ። “ያ የአባዬ ሥራ ነው” አለ ትንሹ ልጄ።

32ኛው ማይል ላይ ዋሻ አለ። ከአለት የተፈለፈለ ነው፤ ቁመቱ 3 ሜትር ከ86። ያከራየን ሰው የመኪናውን ቁመት በአፉ ነግሮኝ ነበር። እርስዎ “ሌላ ሰው የለካውን ጭነት አትመን” ይሉ አልነበር? ሳልነሳ መሰላል ላይ ወጥቼ በሜትር ለካሁት። ጣሪያው ላይ ያለውን የኤሲ ሳጥን ሳይቆጥር ነው የነገረኝ! ከነሳጥኑ 3 ሜትር ከ45 ሆነ። ያልፋል። እንደዚያም ሆኖ ዋሻው አፍ ስደርስ ልቤ መታ። ባውዛ አበራሁ፣ ፍጥነቴን ቀነስኩ፣ መሪውን በሁለት እጄ ያዝኩ። የአለቱ ግድግዳ በስፖኪዮው አጠገብ ሻካራ ሆኖ ሲያልፍ ይታየኛል። ልጄ “ይሄ የአያቴ ዋሻ ነው?” ብላ ጠየቀችኝ። በደብረ ሲና መንገድ ያለውን የጣርማ በር ዋሻ ታሪክ ነግሬያት ስለነበር ነው።

አባባ፣ በዚያች ቅጽበት የሰባት ዓመት ልጅ ሆንኩ። በጭነት መኪናዎ፣ በኤንትሬው ጋቢና ከጎንዎ ተቀምጬ ነበር። ጉሙ መስታወቱ ላይ ተኝቷል፣ እርስዎ ክላክስ እየነፉ ይገባሉ። ከመግባታችን በፊት ሁልጊዜ ይቆሙ ነበር። ከበግ ጸጉር የተሠራውን ቆብ የገዙልኝ እዚያ ነው። ከዋሻው ስንወጣ ደግሞ ደብረ ሲና ከእግራችን ሥር ትታያለች፣ አየሩ ይሞቃል፣ ቆሎ ሻጮቹ ይመጣሉ።

“በወጣህበት ማርሽ ውረድ” የሚሉትንም አልረሳሁም። ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ይዤ ወረድኩት፣ ፍሬን የነካሁት አልፎ አልፎ ነው። ከፊታችን የነበረው አርቪ ግን ፍሬኑን ረግጦ ነበር የሚወርደው። የፍሬን ሸራው ሽታ እኛ ጋ ደረሰ። ዳር ይዞ ሲቆም ስለ ማርሹ ነገርኩት፤ አመሰገነኝ።

የመጀመሪያውን ሌሊት ሉዊስ ማውንቴን የሚባል ካምፕ አደርን። ይህን ቦታ ሆን ብዬ ነው የመረጥኩት። በ1939 ሲከፈት ለጥቁሮች ብቻ ተለይቶ የተሰጠ ነበር። በዚያ ዘመን መንገዱ በሚያልፍበት በሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ነጭና ጥቁር አብረው አያድሩም። መለያየቱ ጨርሶ የቀረው በ1950 ነው። ጠረጴዛው ላይ እንጀራ ዘርግተን ሽሮ ስንበላ ለልጆቼ ይህን ነገርኳቸው። ትልቋ ዝም ብላ ቆየችና “ታዲያ እነሱም እዚሁ ቁጭ ብለው በልተዋል?” አለች። አዎ አልኳት። በኋላ ድብ እንዳይመጣ የተረፈውን ምግብ ሁሉ መኪና ውስጥ ቆለፍን፤ ሕጉ ነው። ጫካው ውስጥ ደግሞ የድሮ መቃብሮች አሉ። ፓርኩ በ1930ዎቹ ሲከለል ገበሬዎቹ ከቀያቸው ተነስተዋል። ውብ መንገድ ነው አባባ፣ ግን የሰው እንባም አለበት።

ስካይላይን ሲያልቅ ብሉ ሪጅ ፓርክዌይ ይቀጥላል። 469 ማይል ሆኖ እስከ ኖርዝ ካሮላይና ይዘልቃል። ሥራ አጥ በበዛበት ዘመን፣ በ1935 ጀመሩት፤ የጨረሱት በ1987 ነው። ሲያልቅ እኔ ድክድክ እል ነበር ማለት ነው። አንድ የማስታወቂያ ሰሌዳ አያዩበትም። ማደያም የለውም፤ ነዳጅ ሲያንስ ወደ መንደር መውረድ ነው። ይህን ብዙ ሰው ይጠላዋል፣ እኔ ግን ወደድኩት። ባንወርድ ኖሮ ከአንዲት አሮጊት መንገድ ዳር ኮክ አንገዛም ነበር። ልጆቹ ፊታቸው ሁሉ ጭማቂ ሆነ።

176ኛው ማይል ላይ ሜብሪ ሚል ደረስን። አንድ አንጥረኛ ከመቶ ዓመት በፊት የሠራው የውሃ ወፍጮ ነው። የእንጨቱ መዘውር በውሃ ሲዞር ልጆቹ አንላቀቅም አሉ። እኔም አልቸኮልኩም። ስድስት ዓመት ሙሉ ሰዓት እያየሁ ነው የነዳሁት።

መኪናውን የምንመልስበት ቀን ስለደረሰ ስንመለስ በ81 መጣን። ተራራው በቀኛችን ነበር። ልጄ መስታወቱን በጣቷ እየነካች “እዚያ ጋ አደርን፣ እዚያ ጋ ሽሮ በላን” ትል ነበር። ትክክል ትሁን አትሁን አላውቅም፤ ከታች ሲታይ ሁሉም አንድ ነው። እኔም “አዎ፣ እዚያ ነው” አልኳት።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ጣርማ በር ላይ ከዋሻው በፊት ለምን ነበር ሁልጊዜ የሚቆሙት? ፍሬኑን ለማየት ነው ወይስ ለእኔ ብለው? እህቴ ድምጽዎን በስልኳ ቀርጻ ትላክልኝ። ልጆቹም ይሰሙታል።

እማዬን ሳሙልኝ።

ልጅዎ፣ ከቨርጂኒያ