ታሪፉ መኪናዋን ያያል፤ ውስጧ ያለነውንስ?

ለተከበራችሁ የክፍያ መንገድ ታሪፍ ለምታወጡና ለምታጸድቁ ኃላፊዎች፣

እንደምን ሰነበታችሁ? የምጽፍላችሁ በአዲስ አበባ–አዳማ የክፍያ መንገድ ታሪፍ ላይ ከመወሰናችሁ በፊት እኛንም እንድታዩን ነው። ሥራዬ አዲስ አበባ፣ ቤቴ ቢሾፍቱ ነው። እዚህ የገባሁት ሐይቁን ወድጄ አይደለም፤ የአዲስ አበባ ኪራይ ገፍቶኝ ነው። (ሐይቁም አይከፋም።)

ጠዋት ጠዋት በአንዲት ቪትዝ አምስት ሆነን እንሄዳለን። ባለመኪናው በሩ ኪስ ውስጥ ደብተር ያስቀምጣል። በአንድ በኩል «ቤንዚን»፣ በሌላው በኩል «መንገድ» ይላል። ወር ሲያልቅ ይደመርና ለአምስት ይካፈላል። ቤንዚን ሲወደድ ቀስ ብሎ በመንዳት ትንሽ ይቆጠባል። ቶሉ፣ ማለትም የመንገዱ ክፍያ፣ ግን ቀስ ብትሉም፣ ብትበሩም ያው ነው። በወር 22 የሥራ ቀን ብንል፣ ደርሶ መልስ 44 ጊዜ ይጻፋል።

መንገዱን አላማም። ከአዲስ አበባ አዳማ የሚወስደው 85 ኪሎ ሜትር ገደማ የክፍያ መንገድ ከመከፈቱ በፊት በአሮጌው የተመላለሰ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል። በወዲያ ሦስት፣ በወዲህ ሦስት መስመር፤ ባጃጅ የለ፣ ጋሪ የለ። ከቻይናው ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ስላለበትም መከፈል አለበት። መንገድም ጥገና ይፈልጋል። ይሄ ሁሉ ይገባናል።

ያልገባን ሌላ ነው። ታሪፉ የሚያየው የመኪናውን ዓይነትና የተጓዘበትን ርቀት ነው። ለፋሲካ ወደ ላንጋኖ የሚወርደው ቤተሰብና በወር 44 ጊዜ የሚመላለሰው ሠራተኛ ለአንድ ኪሎ ሜትር እኩል ይከፍላሉ። ለአንዱ የሽርሽር ወጪ ናት፤ ለሌላው ከደመወዙ ላይ በየወሩ የምትነሳ ቋሚ ሂሳብ ናት።

መኪና የሌለው ደግሞ ከቶሉ ነጻ የወጣ እንዳይመስላችሁ። ቪትዟ ጋራዥ ስትገባ እኔም ቃሊቲ መናኸሪያ እሰለፋለሁ። ሚኒባሱ ጋ ስትደርሱ የመጀመሪያው ጥያቄ «በአዲሱ ነው በአሮጌው?» ነው። ረዳቱ «በአዲሱ፣ በአዲሱ! ግቡ!» ይላል። ሂሳቡም የአዲሱ ነው። አንድ ማታ አዲሱ መንገድ የሚጀምርበት ቱሉ ዲምቱ ስንደርስ ሹፌሩ ቀስ ብሎ ወደ አሮጌው ታጠፈ። አንዲት እናት «ልጄ፣ የአዲሱን አይደል እንዴ የከፈልነው?» አሉት። «መንገዱ ተዘጋግቷል እማማ» አላቸው። ምንም አልተዘጋጋም። ቶሏን ወደ ኪሱ አስገባት፣ እኛ ዱከም ላይ ከከባድ መኪና ኋላ ተሰልፈን አመሸን። ከቶሉ ውስጥ የአንድ ተሳፋሪ ድርሻ ስንት እንደሆነ የምናውቅበት መንገድ ቢኖር እኮ ቢያንስ «ይመለስልን» ብለን እንሟገት ነበር።

አሮጌው መንገድ አለ፣ እሱ ነጻ ነው ትሉኝ ይሆናል። አለ። ግን ዱከምን፣ ቢሾፍቱንና ሞጆን መሃል ለመሃል ሰንጥቆ የሚያልፍ መንገድ ነው። ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የአገራችን ገቢና ወጪ ንግድ በጅቡቲ መስመር ነው የሚመላለሰው። ቶሉን የሚሸሽ የጭነት መኪና ሁሉ ተማሪ በሚሻገርበት አስፋልት ላይ ይመጣል። ታሪፍ በጨመረ ቁጥር ወደዚያ የሚገፋው ማን እንደሆነ ሳይታይ ጭማሪው ባይጸድቅ ደስ ይለናል።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ለዕለት ተመላላሽ የወር ክፍያ ይኑር፤ መግቢያና መውጫው ተመዝግቦ፣ 44 ጊዜ ለሚመላለስ ሰው የሚቀንስ። ሰው ጭኖ የሚሄድ መኪና ባዶውን ከሚሄደው ይለይ። በየመናኸሪያው ደግሞ የአዲሱና የአሮጌው ሂሳብ ለየብቻ ተጽፎ ይለጠፍ፤ የቶሉ ድርሻም ለብቻው ይታይ። ለዚህ ትልቅ በጀት አያስፈልግም፣ አንድ ሰሌዳ ይበቃል።

ከመወሰናችሁ በፊት አንድ ሰኞ ጠዋት 12:30 ላይ ቢሾፍቱ መግቢያ ላይ ቆማችሁ በየመኪናው ስንት ሰው እንዳለ ብትቆጥሩ መልካም ነው። ከዚያ ከእኛ ጋር እስከ ቃሊቲ ብትሄዱ ደግሞ ከፍለን ያተረፍናት ደቂቃ ቃሊቲ መጨናነቅ ላይ እንዴት እንደምታልቅ ታያላችሁ። በእኛ መኪና ግን አንችልም፤ አምስተኛዋን ወንበር ባለፈው ወር የራሱን መኪና ያቆመ ጎረቤታችን ይዟታል።

ከአክብሮት ጋር፣
የቢሾፍቱ ተመላላሽ