ሐይቅ ላለችው እህት ጓደኛዬ

እንደምን ከርመሻል የኔ ዓለም? እናትሽስ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸውን ተሻላቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ከደሴ ሐይቅ ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ነው፤ አንድ ሚኒባስ ያደርሰኛል። እንዲያም ሆኖ ሦስት ዓመት ድምፄን አጠፋሁብሽ። ጥፋቱ የኔ ነው። ጀርመንኛ መማር የጀመርኩ ዕለት ልነግርሽ ስልክ አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። አብረን እናዋልዳለን ተባብለን የተመረቅን ሰዎች ነን፤ «ልሄድ ነው» የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣ አለኝ። ቀኑ ሲገፋ ደግሞ መደወሉ ራሱ አሳፈረኝ።

አሁን ጀርመንን በዓይኔ አይቼ መጣሁ። የሥጋ እህቴ ፍራንክፈርት ወልዳ ላርሳት በጉብኝት ቪዛ ሄጄ ነበር። ኅዳርና ታኅሣሥን እዚያው አሳለፍኩ። ብርዱ ጦሳ ተራራ ሥር ላደገ ሰው ይቻላል፤ የከበደኝ ጨለማው ነው። በኛ ሰዓት አስር ተኩል ሲል ይመሻል። እሑድ ሱቁ ሁሉ ይዘጋል፤ መንገዱም ጭር ይላል። ጎረቤቶቿ ደረጃው ላይ በትህትና ሰላም ይሉና በራቸውን ይዘጋሉ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብሎ የሚገባ የለም። ገንፎውን ለብቻዬ አገነፋሁ፣ ለሦስት በላነው። የወንድሜ ሚስት ስትወልድ እናትሽ ቅቤ ተሸክመው ደሴ ድረስ መምጣታቸው ትዝ አለኝና ዓይኔ እንባ ሞላ።

ግን አዋላጇን ልንገርሽ። እነሱ «ሄባመ» ይሏታል። እህቴ ከሆስፒታል በወጣች ማግስት በብስክሌት መጣች። ቦርሳዋን ከፍታ ሕፃኑን በጨርቅ ጠቅልላ በተንጠልጣይ ሚዛን መዘነችው። እትብቱን አየች፣ ዓይኑ ቢጫ መሆን አለመሆኑን አየች። ከዚያ የእናቲቱን ሆድ ዳሰሰች፤ ማህፀኗ መሰብሰቡን፣ ደሟ መቀነሱን ጠየቀች። ቀጥሎ ዝም ብላ አጠገቧ ተቀምጣ ጡት አያያዙን አስተካከለችላት። በነጋታውም መጣች፣ በሠለስቱም። የመጀመሪያዎቹን አስር ቀናት በየቀኑ መምጣት ይችላሉ፤ ክፍያውን የጤና መድህኑ ይሸፍነዋል። ሐኪም ቢኖርም እንኳ አዋላጅ ያልተገኘችበት ምጥ እንዳይኖር ሕጋቸው ያዛል። የአራስነቱን ጊዜ «ቮኸንቤት» ይሉታል፤ የሳምንታት አልጋ እንደማለት ነው። የኛን አራስ ቤት አስታወሰኝ።

እኛም እኮ ተምረነዋል! በ3ኛው ቀን፣ በ7ኛው ቀን፣ በ6ኛው ሳምንት። ግን ስንቷን ሄደን አየናት? በቃሬዛ ወርዳ የወለደችውን ሴት በማግስቱ ሸኝተን፣ ደም ይፍሰሳት ትኩሳት ይያዛት ሳናውቅ ሌላዋን እንቀበላለን። ያቺን ከተራራው በላይ ካለው ቀበሌ የመጣችውን ታስታውሻታለሽ አይደል? በዘጠነኛው ቀን ተመልሳ የመጣችውን። የእህቴ ሶፋ ላይ ቁጭ ብዬ እሷን ነበር የማስበው። አንድ አዋላጅ ቤቷ ድረስ ብትሄድ ኖሮ እያልኩ።

መሄድ የምፈልገው ለዚያ ነው፤ በዚያ ዓይነት ሥራ ውስጥ ገብቼ እጄን ማፍታታት እፈልጋለሁ። ቋንቋው ገና ብዙ ይቀረኛል። ማስረጃዬም እዚያ ይመዘናል፤ ጉድለት ከተገኘበት ወይ ፈተና ወይ የማሟያ ልምምድ አለ። ዓመታት ሊወስድ ይችላል። እመለሳለሁ ብዬ አልምልልሽም፤ አንድ ጊዜ ምዬልሽ አላከበርኩም። ብቸኝነቱንም እፈራዋለሁ። ብትቆጪኝ እንኳ ቁጣሽን መስማት ናፍቆኛል።

ለእናትሽ ግን ለጊዜው አትንገሪያቸው፤ ቅዳሜ እመጣለሁና ራሴ እግራቸው ሥር ቁጭ ብዬ እነግራቸዋለሁ። ቡናውን አቆዪልኝ፤ እስከ በረካው እቀመጣለሁ። በዱዓሽም አስቢኝ።

ያንን ተንጠልጣይ ሚዛን ደግሞ ገዝቼልሻለሁ፣ ከነጨርቁ። ይዤልሽ እመጣለሁ።

እህትሽ፣ ከደሴ